ባንጆ ለጀማሪ፦ ድሬ ላይ ሆኖ መግዛት፣ ማስተካከል፣ በትዝታ መጀመር

ባንጆ ልጀምር ለሚል ሰው ከሁሉም በፊት የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ከእጅህ በፊት መሳሪያው ይስተካከል። ጊታር ገዝተህ ቱን አድርገህ በዛው ቀን ትጀምራለህ፣ ባንጆ ግን በብሎንና በዳዶ የተወጠረ፣ ብሪጁ (ክሮቹን ቆዳው ላይ ከፍ አድርጋ የምትይዘው ብርኩማ) በሙጫ ያልተያዘና በክሮቹ ጫና ብቻ የቆመ ዕቃ ስለሆነ መንገድ ላይ ትንሽ ከተንገጫገጨ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ከዛ ባዶ ክሩን ስትመታው ልክ ነው ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ብረቶች) ላይ ስትይዘው ግን ይሳሳታል፣ ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱን ራሱ ላይ ይለጥፍና ጆሮ የለኝም ብሎ አልጋ ስር ይከተዋል። ስንት ደህና ጆሮ ያለው ልጅ በዚህ ምክንያት ተወው አቦ።

ሌላው፣ ክራር እየሰማ ላደገ ሰው ባንጆ ባዳ አይደለም። ቆዳ የተወጠረበት፣ በጣት የሚመታ፣ ባዶ ክሮቹ ራሳቸው ዜማ የሚሰጡ መሳሪያ ነው። አመጣጡም ከዚሁ ከአህጉራችን ነው፣ በባርነት ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ምዕራብ አፍሪካውያን ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሰሩት ከነበረው ነው ያደገው፣ ሴኔጋልና ጋምቢያ ያሉት ጆላዎች አኮንቲንግ የሚሉት ዘመዱ ዛሬም አለ፣ እሱም ላይ አንዷ ክር አጭር ሆና በአውራ ጣት ትመታለች፣ ልክ ባንጆ ላይ እንዳለው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው ትምህርት ሁሉ በአሜሪካ ዘፈን ስለሆነ አትደናገጥ፣ በኛ ቅኝት መጀመር ይቻላል፣ እንደውም ይቀላል፣ ወረድ ብዬ የትኛው ክር የትኛው ፍሬት እንደሆነ እነግርሃለሁ።

የቱን ልግዛ

ባለ 4 ክር አለ፣ ባለ 5 አለ፣ ባለ 6 አለ። ባለ 6ቱ በባንጆ አካል ላይ የተገጠመ ጊታር ነው፣ ጊታር የሚችል ሰው ድምፁን ፈልጎ ቢይዘው ይገባኛል፣ ባንጆ ልማር ላለ ሰው ግን አይሆንም። ባለ 4ቱ ቴነር የሚሉት በፒክ፣ ማለት በትንሽ መምቻ፣ የሚመታው ነው፣ የአይሪሽ ሙዚቃና የድሮ ጃዝ ላይ የምትሰማው። አንተ ባለ 5ቱን ግዛ። አምስተኛዋ ክር ከላይ ከጭንቅላቱ አትነሳም፣ አንገቱ ጎን 5ኛው ፍሬት አካባቢ የራሷ መቃኛ አላት፣ አጭርና ቀጭን ናት፣ ከሁሉም ክር ከፍ ያለ ድምፅ ትሰጣለች፣ የባንጆ ነፍሱ እሷ ናት።

ከዛ ጀርባው ክፍት የሆነውና ጀርባው ላይ እንጨት የተገጠመለት ሬዞኔተር ያለው አለ። ሬዞኔተር ያለው ጮክ ይላል፣ ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም ይወደዳል። ለጀማሪ በተለይ ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ለሚኖር ጀርባ ክፍቱ ይሻላል፣ ቀላል ነው፣ ድምፁም ለስለስ ይላል፣ ጎረቤት ሲቆጣ ደግሞ ከጀርባው በቆዳውና በውስጠኛው ዘንግ መሃል ካልሲ ወይ ፎጣ ወሽቀህ ታፍነዋለህ፣ ይሄ ሬዞኔተር ባለው ላይ ሳትፈታው አይሆንም።

ስም ከፈለግክ ዲሪንግ ጉድታይም የሚባለው፣ ጎልድ ቶን እና ሪኮርዲንግ ኪንግ ለጀማሪ የሚሆኑ ሞዴሎች አሏቸው፣ እነሱ ላይ እምነት አለኝ። ስም የሌለው በጣም ርካሽ ከሆነው ግን ተጠንቀቅ፣ መቃኛው ከላላ በየ5 ደቂቃው ቱን ስታደርግ ነው የምትውለው።

የት ይገኛል? ድሬ ላይ ከፊራ ገበያም ታይዋን ገበያም ብትዞር ባንጆ ተሰቅሎ አገኛለሁ ብለህ አትጠብቅ። አዲስ አበባ ያሉ የሙዚቃ መሳሪያ ሱቆችን በስልክ መጠየቅ ይቻላል፣ ዋናው መንገድ ግን ያው እንደምናውቀው ውጭ ያለ ዘመድ ነው፣ አክስት ወይ አጎት ለበዓል ሲመጡ ያገለገለ ገዝተው ይዘው ይምጡልህ። ያገለገለ ባንጆ ምንም ችግር የለበትም፣ እንጨቱ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ የሚቀየር ነው። ሻጩ እያንዳንዱን ክር መጀመሪያ ባዶውን ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ ይዞ የመታበት አጭር ቪዲዮ ይላክ በላቸው፣ አንገቱን ደግሞ ከጫፍ ወደ ታች አሻግሮ ያነሳው ፎቶ፣ አንገቱ ከተጣመመ እዛ ፎቶ ላይ ይታያል። በዙሪያው ያሉት መወጠሪያ ብሎኖች ሁሉም መኖራቸውንም አስቆጥር።

ዘመድ ከመጣ አይቀር አብረው የሚመጡ ነገሮች አሉ፦ ሶስት አራት ሙሉ የክር ስብስብ፣ አንድ ትርፍ ብሪጅ፣ የብሎኑ ቁልፍ፣ ለ5 ክር ባንጆ የሚሆን ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን አንድ ላይ ተጭኖ ቅኝቱን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ)። ክብደት የላቸውም፣ እዚህ ግን ስትፈልጋቸው ታብዳለህ። ለጉዞ ክሮቹን ላላ ያድርጓቸው እንጂ ጨርሰው አይፍቱ፣ ከተፈቱ ብሪጁ ይወድቃል። ከመላላታቸው በፊት የብሪጁ እግሮች የቆሙበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ በክሮቹና በቆዳው መሃልም ለስላሳ ጨርቅ ይግባ።

ሲደርስህ መጀመሪያ የምታደርገው

ቆዳው። ዛሬ አብዛኛው ባንጆ ላይ ያለው ማይላር የሚሉት ፕላስቲክ ነው፣ እውነተኛ ቆዳ በአየሩ እርጥበት እየላላና እየከረረ ስለሚያስቸግር በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ መጥቶ ቦታውን ወሰደው። የፍየል ቆዳ ያለው ብታገኝ ድምፁ ያምራል፣ ከድሬ ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትገባ ግን አየሩ ስለሚለወጥ ቅኝቱ አብሮህ አይደርስም፣ ለጀማሪ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ።

የላላ ቆዳ ድምፁ ይደፈናል፣ ክሮቹም ወደ ታች ይሰምጣሉ። ስለዚህ በቁልፉ ዳዶዎቹን አጥብቅ፣ የመኪና ጎማ ብሎን እንደሚጠበቀው ተራ በተራ በተቃራኒ በኩል እየሄድክ፣ በአንድ ጊዜ ስምንተኛ ዙር ታክል ብቻ። አንዱን ጎን ብቻ ካከረርከው ቆዳው ይጣመማል፣ በጉልበት ከሄድክ ደግሞ ይቀደዳል። ከዙር በኋላ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብለህ ዙሪያውን በጣትህ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው፣ ሁሉም ቦታ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ እስኪሰጥ ዝቅ ያለበትን አጥብቅ። ክሮቹን በእጅህ አፍነህ ቆዳውን ስትመታ ቱነር አፕህ (ስልክህ ላይ ያለው መቃኛ) ጂ ወይ ጂ ሻርፕ የሚባሉት ኖታዎች አካባቢ ካነበበ ጥሩ ነው። ጀርባ ክፍት ላይ ትንሽ ዝቅ ቢልም ለስላሳ ድምፅ የሚወድ ሰው ይመርጠዋል።

አሁን ብሪጁ፣ ያው ብርኩማው። እዚህ ላይ አትቸኩል፣ ይሄ ክፍል ነው ሁሉን ነገር የሚወስነው። ሜትር ያዝና አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያልፉባት ነጭ ቁራጭ እስከ 12ኛው ፍሬት ብረት ድረስ ለካ። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ያለው ርቀት ከዛ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ብዙ ባንጆ ላይ ግማሹ 33 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ የራስህን ግን ለካ። ብሪጁን እዛ አቁም። ሶስቱም እግሮቹ ቆዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ያርፉ፣ በክር መወጠሪያው ብረት (ክሮቹ ከታች የታሰሩበት) በኩል ያለው ገፁ ከቆዳው ጋር ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወደ አንገቱ ካዘነበለ በኋላ ይወድቃል።

ሜትሩ ያደርስሃል፣ ልኩን የሚነግርህ ግን ጆሮህ ነው። 1ኛዋን ክር (ከአጭሯ 5ኛ በተቃራኒ ጫፍ ያለችውን) ያዝ፣ 12ኛው ፍሬት ብረት ትክክል ላይ ጣትህን ሳትጫን ክሩ ላይ አሳርፍ፣ ምታ፣ ወዲያው ጣትህን አንሳ፣ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ ሃርሞኒክ የሚሉት እሱ ነው። አሁን ያንኑ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ብሪጁ ቦታው ላይ ነው። ተጭነህ የመታኸው ከፍ ካለ ብሪጁን ትንሽ ወደ ታች፣ ወደ ክር መወጠሪያው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ወደ አንገቱ አስጠጋው። ትንሽ ስል የግማሽ ሚሊሜትር ነገር ማለቴ ነው። ሲንቀሳቀስ ክሮቹን ላላ አድርግና በሁለት እጅህ ከእግሩ ያዘው፣ ከላይ ከገፋኸው ይገለበጣል። ከ1ኛዋ ቀጥሎ 4ኛዋን ሞክር፣ ወፍራም ስለሆነች በሷ በኩል ያለው የብሪጁ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ቢል ይስማማታል፣ ስለዚህ ብሪጁ ጠመም ብሎ ቢቆም አትደንግጥ። ሲያልቅ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ክር በቀየርክ ቁጥር ትፈልገዋለህ።

የክሮቹ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ከፍ ካለ መጀመሪያ ቆዳውን ተመልከት፣ ብሪጁንም ለካ፣ 16 ሚሊሜትር የተለመደ ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ዝቅ ያለ ቀይርበት። ከጀርባ ያለውን ዘንግ በቁልፍ እያዞርክ አንገቱን ልታስተካክል አትነሳ፣ እሱን ጊታር የሚጠግን ሰው ጋ ውሰደው።

ቅኝት እና ክር

መደበኛው ኦፕን ጂ ይባላል። ከወፍራሟ ጀምሮ 4ኛዋ ዲ፣ 3ኛዋ ጂ፣ 2ኛዋ ቢ፣ 1ኛዋ ዲ፣ አጭሯ 5ኛዋ ከሁሉም ከፍ ያለች ጂ። ቱነር አፕ ላይ ጊታር የሚለውን ሳይሆን ክሮማቲክ የሚለውን ምረጥ። 5ኛዋ ቶሎ ቶሎ ከላላችብህ መቃኛዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ብሎን አለች፣ በካቻቢቴ ሩብ ዙር አጥብቃት፣ ብዙ ጊዜ በቃ ያ ነው ችግሩ።

ክር ቢበጠስብህና የባንጆ ክር ባይኖርህ የጊታር ክር ይሰራል። የጊታር 4ኛ፣ 3ኛና 2ኛ ክር ልክ የባንጆዎቹ 4ኛ፣ 3ኛና 2ኛ ኖታ ናቸው፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ። የኤሌክትሪክ ጊታር ውፍረቱ በቁጥር 9 የሚጀምረው ቀጭኑ የክር ስብስብ ይሻላል። 1ኛዋና 5ኛዋ ባንጆ ላይ ውፍረታቸው ተመሳሳይ ወይ ተቀራራቢ ስለሆነ የጊታሩን ቀጭኗን ክር ለሁለቱም ትጠቀማለህ፣ ሁለት ስብስብ ያስፈልግሃል ማለት ነው። የባንጆ ክር መጨረሻው ቀለበት ነው፣ የጊታሩ ግን ቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኳስ አለው፣ ኳሷን በፒንሳ ሰብረህ ታወጣታለህ፣ ፍንጣሪ ስላለው ዓይንህን ጠብቅ። የአኮስቲክ ጊታሩን ወፍራም ክር ግን አትግጠም፣ አንገቱን ይስባል።

ቀኝ እጅ

ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንዱ ክሎሃመር የሚሉት የድሮው ነው፣ እጅህን ላላ አድርገህ ጨብጠህ በሌባ ጣት ወይ በመሃል ጣት ጥፍር ክሩን ወደ ታች ትመታለህ፣ አውራ ጣት 5ኛዋ ክር ላይ አርፎ ይቆይና ቀጥሎ ይነጥቃታል። ፒክ አይፈልግም። ሌላው ባለ 3 ጣት ነው፣ ኧርል ስክረግስ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1945 የዘፋኙ ቢል ሞንሮ ባንድ ውስጥ ገብቶ ዓለም ያወቀለት አጨዋወት፣ አውራ፣ ሌባ፣ መሃል ጣት እየተፈራረቁ።

እዚህ ላይ ሰዎቹ ከሚያስተምሩት ወጣ እላለሁ። አሜሪካኖቹ ዘፈናቸው በ4 ስለሚቆጠር በ3 ጣት 8 ምት ለመሙላት መጨረሻው ላይ ተራውን ይሰብሩታል፣ ጀማሪ የሚምታታው እዛ ላይ ነው። የኛ ችክችካ ግን በ6 ነው የሚሄደው፣ ሶስት ሶስት። ሶስት ጣት ሁለት ጊዜ ስትዞር ሞላልህ፣ ምንም የሚሰበር ነገር የለም። እንዲህ አድርገው፦ አውራ ጣት 3ኛ ክር፣ ሌባ ጣት 2ኛ፣ መሃል ጣት 1ኛ፣ እንደገና አውራ ጣት 5ኛዋን፣ ሌባ 2ኛ፣ መሃል 1ኛ። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት 1 እና 4 ላይ ጠንከር በል። ግራ እጅህ ምንም አይንካ፣ ቀስ ብለህ፣ እኩል እስኪሆን ድረስ ፍጥነት አትጨምር። ሲገባህ እስክስታ ይጠራሃል ወላሂ።

ለባለ 3 ጣቱ የጣት ፒክ አለ፣ ለአውራ ጣት ፕላስቲክ፣ ለሁለቱ ብረት። መጀመሪያ በባዶ ጣት ልመድ፣ ፒኩ በኋላ ይደርሳል።

በትዝታ መጀመር

ደስ የሚለው ነገር ይሄ ነው። ኦፕን ጂ ላይ ባዶ ክሮቹ ጂ፣ ቢ እና ዲ ናቸው፣ ሶስቱም የጂ ትዝታ ሜጀር ውስጥ አሉ። የሚቀሩህ ኤ እና ኢ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም 2ኛው ፍሬት ላይ ናቸው። ወደ ላይ ስትወጣ፦ 3ኛ ክር ባዶ፣ 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ 2ኛ ክር ባዶ፣ 1ኛ ክር ባዶ፣ 1ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ ከዛ 5ኛዋ ክር ባዶ። አለቀ፣ አንድ ጣት ነው የሚሰራው። ወደ ታች መውረድ ከፈለግክ 4ኛዋ ባዶ እና 2ኛ ፍሬቷ አሉልህ። በስህተት ባዶ ክር ብትመታ እንኳን ከቅኝቱ አትወጣም፣ ለዛ ነው ለጀማሪ በዚህ ጀምር የምለው።

ባቲ ሜጀር ላይ ኤና ኢ ይወጡና ሲ እና ኤፍ ሻርፕ ይገባሉ፦ 3ኛ ባዶ፣ 2ኛ ባዶ፣ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 1ኛ ባዶ፣ 1ኛ ክር 4ኛ ፍሬት፣ 5ኛዋ ባዶ።

አምባሰል 1ኛው ፍሬት ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፦ 3ኛ ባዶ፣ 3ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 1ኛ ባዶ፣ 1ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 5ኛዋ ባዶ። እዚህ 2ኛዋ ክር ባዶዋን ከተመታች ቅኝቱን ታበላሻለች፣ ስለዚህ ጣትህ 1ኛ ፍሬቷ ላይ ተቀምጦ ይክረም።

አንቺሆዬ ይከብዳል፦ 3ኛ ባዶ፣ 3ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት፣ 2ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ 1ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ 5ኛዋ ባዶ። ባዶ 2ኛም ባዶ 1ኛም ባዶ 4ኛም አይነኩም። ፍሬት ያለው መሳሪያ ክራሩ በጆሮ ሲቃኝ የሚሰጣትን ያቺን ጥቃቅን ልዩነት አይሰጥህም፣ ከክራር ተጫዋች ጋር ስትቀመጥ ክራሩ ወደ ባንጆው ይቃኝ፣ ባንጆው ፍሬቱን ማንቀሳቀስ አይችልም።

አራቱም ላይ 5ኛዋ ክር ሳትነካ እንዳለች መቆየቷን ልብ በል። ጂ የሁሉም መነሻ ስለሆነች ቅኝት ስትቀይር እሷን መልሰህ መቃኘት የለብህም፣ አውራ ጣትህ በፈለገው ሰዓት ይመታታል።

ሙቀትና ጎረቤት

የድሬ ፀሐይ ለእንጨት ጠላት ነው። መኪና ውስጥ፣ ቆርቆሮ ስር፣ መስኮት አጠገብ አይቀመጥ። ደረቅ አየር አንገቱን ያሟሽሸዋል፣ እንጨቱ ሲጠብ የፍሬቶቹ ጫፍ ወደ ጎን ይወጣና እጅህን ይቧጥጣል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ጨምረህ፣ ውሃው እንዳይንጠባጠብ ጨምቀህ፣ ኬዙ ውስጥ ከጭንቅላቱ በኩል አስቀምጥ፣ ሲደርቅ አርጥበው። በባጃጅ ስትሄድም ከነኬዙ ጭንህ ላይ ይሁን።

ባንጆ ጩኸታም ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ያለ ጎረቤት ምናልባት ደስ ይለው ይሆናል፣ ማታ ግን ያው ካልሲውን ከጀርባ ወሽቅ፣ ወይ ብሪጁ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አድርግበት፣ ድምፁ ግማሽ ይሆናል። አዛን ሲልም እጅህን አሳርፍ፣ የኛ ሰፈር አብሮ የሚኖረው በዚህ ነው።

ከዘፋኝ ጋር መቀመጥ ስትጀምር ጂ ለድምፁ ይወርድበታል ወይ ይወጣበታል። ካፖውን 2ኛ ፍሬት ላይ አድርግ፣ ሁሉም ነገር ወደ ኤ ይወጣል፣ ከላይ የነገርኩህ ፍሬቶች ከካፖው ጀምረህ ስትቆጥር እንዳሉ ናቸው። ካፖው ግን 5ኛዋን አይነካትም፣ እሷን ለብቻዋ በመቃኛዋ ወደ ኤ አውጣት፣ ቀጭን ስለሆነች ትችለዋለች። ከዛ በላይ ካስፈለገ በመጎተት አይሁን፣ ትበጠሳለች፣ 7ኛና 9ኛ ፍሬት ጎን ላይ 5ኛዋ ክር ብቻ የምትያዝባቸው ከአሻንጉሊት ባቡር ሀዲድ የሚመጡ ጥቃቅን ሚስማሮች አሉ፣ ክሯን ስራቸው ታስገባታለህ፣ 7ኛው ላይ ኤ 9ኛው ላይ ቢ ትሆናለች። ሚስማሮቹን ራስህ በመዶሻ አትምታ፣ አንገቱ ይሰነጠቃል፣ መጀመሪያ በቀጭን ድሪል የሚበሳ ጥንቁቅ ሰው ፈልግ።